ዶክተሩ ስንት ወር ቀረው?

በ2014 ዓ.ም. ጥር ውስጥ አክስቴን ልጠይቅ ወደ ምሥራቅ ጎጃም ሄጄ ነበር። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዓባይ በረሃን ለተሻገረ መንገደኛ ደጀን ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ደብረ ማርቆስ ይቀጥላል። ሌላው በቢቸና፣ በደብረ ወርቅ፣ በሞጣና በአዴት አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል። ዘመዶቼ በዚህ በሁለተኛው መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖሩ የጤፍ ገበሬዎች ናቸው። አክስቴ ግን ልጆቿን ከዳረች በኋላ ከተማ ገብታለች። ከቢቸናና ከሞጣ በአንዷ ትኖራለች እንጂ የትኛዋ እንደሆነች አልናገርም። የምነግራችሁ ነገር የአንድ ሆስፒታል ወይም የአንድ ሰው ጥፋት አይደለምና ስም መጥራቱ አይጠቅምም።

ቡናው ሁለተኛ ላይ ደርሶ ሳለ አንዲት ጎረቤት ገቡ። ከሰላምታው በኋላ ወዲያው የሆስፒታል ወሬ ተነሣ።

«አዲሱ ዶክተር ደግ ነው አሉ።»

«ደግስ ደግ ነው፤ ሰው ሲናገር ያዳምጣል» አለች አክስቴ።

«ስንት ወር ቀረው?»

«እኔ ምን አውቄ! እስከ መስከረም ቢቆይልን ነው።»

ሁለቱም ጉዳዩ ያለቀለት ያህል ወደ በርበሬ ዋጋ ተሻገሩ። እኔ ግን ጥያቄዋ ከጆሮዬ አልወጣ አለች። ወታደር ስለ ፈቃዱ፣ እስረኛ ስለ ፍርዱ ስንት ወር እንደቀረው ይጠየቃል። ለሐኪም ይህ ጥያቄ ምን አመጣው? «ምን ማለታችሁ ነው?» ብዬ ብጠይቅ አክስቴ በእኔ አለማወቅ ሳቀች። «ኧረግ አንተ ደግሞ! ዶክተር እኮ ይሄዳል። ሳይሄድ መታየት ነው እንጂ።»

አክስቴ ደም ብዛት አለባት። የምትከታተልበትን ደብተር አውጥታ አሳየችኝ። ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር እንደኖረ ሰው መጀመሪያ ያየሁት የእጅ ጽሑፉን ነው። በአራት ዓመት ውስጥ አምስት ሰው ጽፎበታል። አንዱ ጸሐፊ ጀምሮት ሌላው የቀጠለው፣ ሦስተኛው ደግሞ የፊቱን ሳያነብ የጨረሰው የብራና መጽሐፍ ይመስላል። አንዱ ያዘዘውን መድኃኒት ተከታዩ ለውጦታል። ሦስተኛው ወደ መጀመሪያው መልሶታል። ሁሉም የየራሱ ምክንያት ይኖረው ይሆናል፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ደም ብዛት የዕድሜ ልክ በሽታ ነው። የዕድሜ ልክ በሽተኛ ከወራት ሐኪም ጋር ስትኖር ታሪኳን ከመጀመሪያው የሚያውቅላት ደብተሩ ብቻ ነው።

እንግዲህ ይህች «ስንት ወር ቀረው?» የምትባል ጥያቄ ከየት መጣች? ከተመለስኩ በኋላ የኋላውን ነገር ማገላበጥ ጀመርኩ። ጥያቄዋ ከአክስቴም ከሆስፒታሉም በዕድሜ ትበልጣለች።

ከአድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ከፍቶ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ጠቅልሎ ሄደ። ይህስ ይሁን፤ የውጭ ሰው ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። የሚገርመው የራሳችን የመጀመሪያው ሐኪም ታሪክ ነው። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ መቅደላ በ1860 ዓ.ም. ስትወድቅ በእንግሊዝ መኮንኖች እጅ የገቡ ሕፃን ነበሩ። ሕንድ አደጉ፤ ሕክምና ተማሩ፤ በርማ ውስጥ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር ተቀጠሩ። የአድዋን ዜና ከሰሙ በኋላ አገራቸውን ፍለጋ መጡ። አያታቸው በልጅነት ጠባሳቸው እንደለዩአቸው ይነገራል። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ይል ነበር። ነገር ግን ደመወዛቸውም ጡረታቸውም ያለው በርማ ነበርና ሐኪሙ ወደዚያው ተመለሱ። ቀጥሎም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1908 ዳግመኛ መጡ። ሥራቸውን ለቀው ጠቅልለው የገቡት ግን በ1919 ነው። የመጀመሪያው ዘመናዊ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ለሃያ ዓመት ያህል አገራቸውን ያዩት በመመላለስ ነበር ማለት ነው። የአገር ፍቅር ጎደላቸው የሚል ያለ አይመስለኝም። ጡረታ የምትከፍላቸው ግን ሌላ አገር ነበረች።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ መንግሥት ሆስፒታሎችን ሲያስፋፋ ሐኪሞቹን በብዛት ያገኘው ከውጭ በኮንትራት ነበር። ኮንትራት የሚባለው ቃል በአማርኛችን ውስጥ ሥር ከሰደደባቸው ቦታዎች አንዱ ሆስፒታል ሳይሆን አይቀርም። የኮንትራት ሐኪም ቤት ይሰጠዋል፤ ደመወዙ ከአገሬው ሠራተኛ ይለያል፤ ዘመኑ ሲያልቅ ያሳድሳል ወይም ይሄዳል። እሱም ቢሆን ከጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ብዙ አይርቅም። የቢቸናና የሞጣ ሰው ሐኪም ያስፈለገው እንደሆነ በሽተኛውን በቃሬዛ፣ ኋላም በጭነት መኪና አድርጎ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር መውጣት ነበረበት።

ግብሩ ግን ከሐኪሙ ቀድሞ ደረሰ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1959 የጤና ግብር ታወጀ። ባለ መሬቱ ከመሬት ግብሩና ከትምህርት ግብሩ በላይ ስለ ጤና እንዲከፍል ተደረገ። አንባቢ እንደሚያውቀው በ1960 ዓ.ም. ጎጃም በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ሲያምጽ እሳቱ ከነደደባቸው አውራጃዎች ሞጣና ቢቸና ዋነኞቹ ነበሩ። ጦር ዘመተ፣ አውሮፕላን ደበደበ፣ በመጨረሻም አገረ ገዢው ተነሡ፤ ውዝፉም ተማረ። ዐመፁ ስለ ሆስፒታል የተነሣ ነው ብዬ ታሪክ አላጣምም። የተነሣው ስለ ርስት፣ ስለ መሬት ልኬትና ስለ ግብር ነው። ሆኖም የዚያ አካባቢ ገበሬ ስለ ጤና ግብር ክፈል በተባለ ጊዜ ሐኪም በአጠገቡ አልነበረም። ከፍሎ አለማየትን የዛሬው የጤና መድኅን አባል አልጀመረውም ለማለት ያህል ነው።

መንግሥትም ቢሆን ችግሩ ጠፍቶት አልነበረም። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው የውጭ ሐኪም በኮንትራት እያመጡ አገር ማዳረስ እንደማይቻል ስለታወቀ ነው። ጎንደር መጀመሪያ ያሠለጠነው ዶክተር አልነበረም። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የጤና ጥበቃ ባለሙያ ነበር። አዲስ አበባ ላይ የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ነው።

እኔ በልጅነቴ የማስታውሰው «ሐኪም» ከእነዚህም በታች ያለ ድሬሰር ነበር። ነጭ ጋወን ይለብሳል፤ መርፌውን በብረት ሣጥን ይቀቅላል። ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል፤ እሱም አይክድም። ዛሬ ሳስበው ያ ሰው የማያውቀው ነገር ከሚያውቀው ይበዛ ነበር። ነገር ግን ከተማዋ ውስጥ ቤት ሠርቷል፤ እዚያው አግብቷል፤ ክርስትና ያነሣቸው ልጆች በየሰፈሩ ነበሩ። የእናቴን አስም ከነአመሉ ያውቀዋል። ሌሊት ሲጠሩት ጋቢውን ደርቦ ይመጣል። እሱን «ስንት ወር ቀረህ?» ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። እውቀቱ ጥቂት ነበር፤ እሱ ግን አይሄድም ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣው ለውጥ ሁሉ እውቀቱን ሲጨምር ቆይታውን የቀነሰ ሆኖ ይታየኛል።

በደርግ ጊዜ የውጭ ሐኪሞቹ ዜግነት ተለወጠ እንጂ አሠራሩ አልተለወጠም። ኩባውያን መጡ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1978 የጎንደር የሕክምና ኮሌጅ ሲቋቋም የምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ መምህራን እየተፈራረቁ አስተማሩ። ጥሩ ሐኪሞች እንደነበሩ ያስተማሯቸው ሰዎች እስከ ዛሬ በፍቅር ያነሷቸዋል። ጊዜያቸው ሲያልቅ ግን ሄዱ። ወጣቱ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ደግሞ ሲመረቅ ዕጣ ይወጣለታል። ዕጣው የላከው ቦታ ሄዶ የግዴታ ዘመኑን ይፈጽማል፤ እስኪፈጽም የትምህርት ማስረጃው ይያዝበታል። ዕጣው ደርግ ከሄደም በኋላ ብዙ ቆይቷል። የዕጣ ቀን ለአንድ የሐኪሞች ትውልድ ከምረቃው ቀን ይበልጥ የማይረሳ ነበር። አንዱ እልል ሲል አንዱ ያለቅሳል። የሚያለቅሰው የደረሰበትን ወረዳ ሕዝብ ጠልቶ አይደለም። የስንት ዓመት ዕድሜው በአንዲት ብጣሽ ወረቀት መወሰኑ ነው የሚያስለቅሰው።

የዕጣ ሥርዓት በጎ ጎን የለውም አልልም። ያለ ዕጣ ወደ ገጠር ከተማ የሚሄድ ሐኪም ስንት ይገኝ ነበር? ችግሩ ሌላ ነው። ግዴታ መጨረሻ አለው። መጨረሻ ያለው ነገር ሁሉ ይቆጠራል። ሐኪሙ የተላከበትን ቀን ግድግዳው ላይ ይቆጥራል፤ ሕዝቡም ከእሱ ጋር አብሮ መቁጠር ይለምዳል። የአክስቴ ጎረቤት ጥያቄ የተወለደችው እዚህ ላይ ነው።

በ1990ዎቹ የግል ክሊኒኩና ሆስፒታሉ በዛ። ግብረ ሰናይ ድርጅቶችም በመኪናና በተሻለ ደመወዝ ሐኪም መውሰድ ጀመሩ። ከዚያ ያለፈው ባሕር ተሻገረ። በአሜሪካ አንዲት ከተማ ያሉት ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች አገር ቤት ካሉት ይበልጣሉ የሚለው አባባል የዚያን ጊዜ ከአፍ አይጠፋም ነበር። የመንግሥት መልስ ብዙ ማምረት ሆነ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ዶክተር የሚያስመርቁት አዲስ አበባ፣ ጎንደርና ጅማ ነበሩ። ከዚያ የሕክምና ትምህርት ቤቱ እንደ አሸን ፈላ። በ2004 ዓ.ም. ብቻ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ተቀብሎ ሐኪም የሚያደርግ አዲስ መርሐ ግብር በ13 ተቋማት ተጀመረ። በዓመት ጥቂት መቶ የነበረው አዲስ ገቢ ተማሪ ከ3,000 በላይ ደረሰ። «ጎርፍ» የሚል ስም የወጣለት ፖሊሲ ይህ ነው። ባልዲው ቀዳዳ ከሆነ ውኃውን አብዝቶ መጨመር ነው ዓይነት ሐሳብ ነበር።

ጎርፉ በእርግጥ ቢቸናና ሞጣ ደረሰ፤ ሐሰት መናገር አይገባም። ሁለቱም ከተሞች ዛሬ ሆስፒታል አላቸው። የእናቴ ትውልድ በቃሬዛ ላይ የሚሞትለት ምጥ ዛሬ እዚያው በቀዶ ሕክምና ይፈታል። የሚገርመው ብዙውን ጊዜ ቢላዋውን የሚይዘው ዶክተሩ አለመሆኑ ነው። ከ2002 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጤና መኮንኖች በሁለተኛ ዲግሪ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማዋለድ ሥራ እየተማሩ ወደ ወረዳ ሆስፒታሎች ይላካሉ። የሐሳቡ ሥር ያው የ1947ቱ የጎንደር ሐሳብ ነው። አንዱ ጥቅሙ በግልጽ ባይነገርም ይታወቃል፤ ይህ ዲግሪ ባሕር ማዶ ገበያ የለውም። ሐኪሙ እንዲቆይ ማድረግ ያቃታት አገር መሄጃ የሌለው ባለሙያ አሠለጠነች። ይህን የምለው ሰዎቹን ለማሳነስ አይደለም፤ የስንቱን እናት ነፍስ አትርፈዋል። የምለው ስለ አሳቢው ነው።

አሁን ወደ ደመወዙ እንምጣ። የሆስፒታል ሐኪም ሁለት ኪስ አለው። አንዱ ደመወዝ ነው፤ ቀኑን ይገዛል። ሌላው ዲዩቲ ነው፤ ሌሊቱን ይገዛል። ደመወዙ እንደማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ በስኬል ይመጣል። ዲዩቲው ግን በሰዓት ይሰላል። ለወጣት ሐኪም ወሩን የሚያስጨርሰው ሁለተኛው ኪስ ነው። የበጀት እጥረት ሲመጣ መጀመሪያ የሚዘገየውም ይኸው ነው። ደመወዝ ካልተከፈለ ጉድ ይፈላል፤ ዲዩቲ ሲዘገይ ግን «ታገሱ» ይባላል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሆስፒታሎች ገቢያቸውን ራሳቸው እንዲጠቀሙበት ሲፈቀድ ከሥራ ሰዓት ውጭ በግል ዋጋ የሚያክሙበት ክፍል እንዲከፍቱም ተፈቀደ። ለትልልቅ ከተማ ስፔሻሊስት ሦስተኛ ኪስ ሆነ። ጤፍ ሸጦ የሚታከም ገበሬ ባለበት ከተማ ግን ከግል ክፍል ምን ያህል ይገኛል? ኪሱ ሦስት በሆነበት ከተማና ሁለት፣ አንዳንዴም አንድ በሆነበት ከተማ መካከል ሐኪሙ የቱን ይመርጣል? መልሱን ለማወቅ የምጣኔ ሀብት ትምህርት አያስፈልግም።

በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ማንም ያላሰበው ነገር ሆነ። ሐኪም ያጠራት አገር ሥራ ያጣ ሐኪም አየች። ለስንት ዘመን በዕጣ እየተሻማች የላከችውን ምሩቅ የምትቀጥርበት በጀት አጣች። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የጤና ባለሙያዎችን ሰብስበው አነጋገሩ። ሐኪሞቹ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ዲዩቲና ስለ ሥራ ቦታ ምሬታቸውን ተናገሩ። ከመልሱ በኋላም በየሆስፒታሉ ሰልፍና የሥራ ማቆም ታየ። ዓመት ሳይሞላ ኮሮና መጣና መንግሥት ጡረታ የወጡትንና በትምህርት ላይ ያሉትን የሕክምና ባለሙያዎች ሳይቀር እንዲዘጋጁ ጥሪ አደረገላቸው። አንድ ወቅት ትርፍ፣ በሚቀጥለው ወቅት እጥረት። ሐኪሙ ሲፈለግ የሚጠራ፣ ሲተርፍ የሚሰናበት የቀን ሠራተኛ መሰለ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉም የሚያስታውሰው ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። በ2017 የመንግሥት ሠራተኛ ስኬል ሲሻሻል ዝቅተኛው ደመወዝ ከ1,500 ወደ 4,760 ብር አደገ። ከፍተኛው ግን ከ20,468 ወደ 21,492 ብቻ ነው ያለው። ለታችኛው ትልቅ ነገር ነው፤ ይገባዋልም። ከላይ ላለው ግን ከመቶ አምስት መሆኑ ነው፤ ገንዘቡ በግማሽ በወደቀበት ዓመት። አንድ ጠቅላላ ሐኪም በወር 100 ዶላር የማይሞላ እየተከፈለው ሠራ። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች በየክልሉ ሥራ አቆሙ። ብዙዎች ታሰሩ። መንግሥት ድርጊታቸውን ሕገ ወጥ አለው፤ የመብት ድርጅቶች እስሩን ተቃወሙ። መስከረም 2018 ላይ ስኬሉ እንደገና ተሻሻለና ዝቅተኛው 6,000፣ ከፍተኛው 39,000 ብር ሆነ።

ጭማሪው በጎ ነው። ሰውን አስርቦ አገልግል ማለት አይቻልም። ሆኖም አንድ ነገር ልብ በሉ። ስኬሉ አዲስ አበባም ሞጣም አንድ ነው። ሞጣ ላይ ስምንት ዓመት የቆየው ሐኪም ከደጀን ወዲህ ሳይሻገር ስምንት ዓመት ካገለገለው የሚለይበት ነገር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ደመወዙ ደረጃውን ይለካል፤ ዲዩቲው ሰዓቱን ይለካል። መቆየትን የሚለካ ግን ጠፋ።

የጊዜያዊ ሐኪም ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች በሌላ ሐኪም ቦታ ለጊዜው የሚሠራውን ሐኪም የሚጠሩት ከላቲን በወሰዱት ስም ነው፤ ትርጉሙ «ቦታ ያዥ» ማለት ነው። እዚያ ቦታ ያዡ ከቋሚው ይበልጥ ይከፈለው ስለነበር ብዙ ሐኪም ቋሚ ሥራውን እየተወ ቦታ ያዥ ሆነ። ወጪው ሲያይልም በኅዳር 2015 በእነሱ አቆጣጠር ለጊዜያዊ ሠራተኛ የሚከፈለው ሒሳብ ጣሪያ ተደረገለት። በ2017 ደግሞ የግብር አከፋፈሉ ጠበቀ። እነሱ የተቸገሩት ጊዜያዊው ሐኪም ስለተወደደባቸው ነው። የእኛው በወረቀት ላይ ቋሚ ነው፤ ርካሽም ነው፤ ኑሮው ግን የጊዜያዊ ነው። ሻንጣው አልጋው ሥር ተዘጋጅቶ ይኖራል።

«ቦታ ያዥ» ሲባል ለጎጃም ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ሞጣ ጊዮርጊስን የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል ስታስተክል እንደሌሎቹ ትልልቅ አድባራት ሁሉ ለአገልጋዮቹ መሬት ተመደበ። መሬቱ የአገልግሎቱ ነው። ባለ መሬቱ መቀደስ የማይችል፣ ወይም ሴት የሆነች እንደሆነ በምትኩ ካህን ያስገባል። ካህኑ ድርሻውን ይበላል፤ ቅዳሴው አይታጎልም። ሥርዓቱ እንከን አልነበረውም አልልም፤ ጭሰኛውን የጨቆነው ይኸው መሬት ነው። ግን አንድ ነገር ያውቁበት ነበር። አገልግሎቱ እንዳይቋረጥ ከፈለጉ አገልጋዩን ከቦታው ጋር የሚያስተሳስር ነገር መስጠት አለባቸው። እኛ ሐኪሙን የምናስተሳስረው በተያዘ ዲግሪ ነው። ዲግሪው የተለቀቀ ቀን እሱም ተለቀቀ።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ ከጤና ሚኒስቴር ይልቅ ለመዝገበ ቃላት የቀረብኩ ሰው ነኝ። ሆኖም የድሬሰሩ ነገር ከሐሳቤ አይጠፋም። ያን ሰው ያቆየው ቤቱ ነው፤ ሚስቱ ናት፤ ክርስትና ልጆቹ ናቸው። ለሐኪሙ ሚስት ልንመርጥለት አንችልም። ቤት መሥሪያ ቦታ መስጠት ግን ይቻላል። በቆየበት ዓመት ልክ የሚያድግ አበል ማሰብ ይቻላል። የስፔሻላይዜሽን ዕድል ሲሰጥ ገጠር የቆየው በእርግጥ እንዲቀድምና ተምሮም የሚመለስበት ቦታ እንዲጠብቀው ማድረግ ይቻላል። ከሁሉ በፊት ደግሞ የሠራበትን ዲዩቲ በወሩ መክፈል ይቻላል። ይህ የመጨረሻው አዲስ ሐሳብ እንኳ አይደለም፤ ዕዳ ነው።

ይህን የምጽፈው ቀላል እንደሆነ አስቤ አይደለም። ከነሐሴ 2015 ወዲህ አካባቢው ጦርነት ውስጥ ነው የከረመው። መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት አይገባም። ቁስለኛ ያከመ ሐኪም በዚህኛው ወገን ወይም በዚያኛው ይጠረጠራል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቦታው ላይ የተገኘን ሐኪም «ለምን አልቆየህም?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት ነው። የቆየው ነው የሚገርመው። ደግሞ አሉ የቆዩ። ስማቸውን ጋዜጣ አያውቀውም፤ ሕዝቡ ግን ያውቀዋል።

አክስቴን ካየኋት ቆየሁ። ስልክ በሠራበት ቀን እንደዋወላለን። በ2017 የሥራ ማቆሙ ሰሞን አግኝቻት «እንዴት ነሽ? ደም ብዛቱስ?» ብዬ ጠየቅኳት። ደግ ያለችው ዶክተር ከሄደ ቆይቷል። ከእሱ በኋላ ሁለት ተፈራርቀዋል። «ልጆቹ ላይ አትፍረድ» አለችኝ። «የሰው ልጅ ናቸው። እናታቸው ትናፍቃቸዋለች። ብሩ አይበቃቸውም። እኔ ለነሱም እጸልያለሁ።»

እኔም የጋዜጠኛ ነገር አይለቀኝምና ስለ ደመወዝ ስኬሉ፣ ስለ ዲዩቲው፣ ስለ ምንዛሪው አስረዳት ጀመር። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ አቋረጠችኝና

«አንተስ?» አለች።

«እኔ ምን?»

«ተምረህ ከወጣህ ስንት ዓመትህ? መጥተህ ስንት ቀን ነው የምትቀመጠው? አንተንም እኮ ስትመጣ ጎረቤቱ የሚጠይቀኝ ያንኑ ነው።»

መልስ አልነበረኝም። የአውቶቡስ ትኬት እንኳ ደርሶ መልስ አስቀድሜ የምቆርጥ ሰው ነኝ።